የስሪ ፓዳ ሌሊት፦ የተሳላሚውን ስንቅ ማን ሰነቀ?

እ.ኤ.አ በ1344 ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ከማልዲቭ ደሴቶች ተነስቶ ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው ደሴት፣ ፑታላም ላይ ከመርከብ ወረደ። የአካባቢው ንጉሥ በክብር ተቀበለውና የሚፈልገውን እንዲጠይቅ ፈቀደለት። እንግዳው የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በደሴቲቱ ትልቅ ተራራ ጫፍ ላይ አለ የሚባለውን የአዳምን የእግር ዱካ መሳለም። ንጉሡም በትከሻቸው የሚሸከሙት ባሪያዎች፣ በየዓመቱ ወደ ዱካው መውጣት ልማዳቸው የሆነ አራት ዮጊዎች፣ ሦስት ብራህማኖች፣ አሥር ባለሟሎች፣ በዚያ ላይ ስንቅ የሚሸከሙ አሥራ አምስት ሰዎች አዘዘለት። አንድ ሰው ተራራ እንዲሳለም ከሠላሳ በላይ ሰው ተንቀሳቀሰ።

ዛሬ ስሪ ፓዳ በሚባለው በዚያው ተራራ ላይ ከኮሎምቦ በሦስተኛ ማዕረግ ባቡር የመጣ ተማሪ ባትሪውን ይዞ፣ ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሮ በአንድ ሌሊት ወጥቶ ይወርዳል። ለመውጣት የሚቆረጥ ቲኬት የለም። መንገድ መሪ መቅጠር ግዴታ አይደለም፤ ድንኳንም አያስፈልግም። በሞቃታማ ደሴቶች ላይ ሌሊቱን ተራራ ወጥቶ ንጋትን ማየት የሚፈልግ ኪሱ የሳሳ መንገደኛ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይቸግረዋል። ይህ ርካሽነት ግን ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ነገሥታት መሬት እየሰጡ፣ መነኮሳት እየጠበቁ፣ ገበሬዎች ሩዝ እያቀረቡ፣ በኋላም የሻይ ለቃሚዎች ጉልበታቸውን እያፈሰሱ የከፈሉበት ነው። የስሪ ፓዳ ታሪክ በአመዛኙ ድሃው ተሳላሚ መንገድ ላይ በረሃብ እንዳይወድቅ የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው።

ተራራው በደሴቲቱ መካከለኛ ደጋ ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ ላይ ብቻውን ጎልቶ የቆመ፣ 2,243 ሜትር ከፍታ ያለው ሾጣጣ ነው። በከፍታ አንደኛ አይደለም፤ ፒዱሩታላጋላ የሚባለው 2,524 ሜትር ይደርሳል። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የቆመ ሰው እንኳ ከስሪ ፓዳ ጫፍ በላይ ነው ያለው። ልዩነቱ መነሻው ላይ ነው። በራትናፑራ ከተማ በኩል የሚመጣ ተጓዥ ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቅ ቆላ ይነሳና ጫካውን እየሰነጠቀ ከ2,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንን ጠርዝ በመሆኑ ዝናቡ ብርቱ ነው፤ የኬላኒ፣ የካሉና የዋላዌ ወንዞች የሚመነጩትም ከዚሁ አካባቢ ነው። ጥንት በባሕር የሚመጡ ነጋዴዎች ገና ደሴቲቱ ሳትታያቸው የተራራውን ጫፍ አይተው መቃረባቸውን ያውቁ ነበር።

ጫፉ ላይ ባለው ዓለት ርዝመቱ 1.8 ሜትር ገደማ የሚሆን የእግር ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ አለ። ቡድሂስቶች የቡድሃ ግራ እግር ነው ይላሉ፤ ሂንዱዎች የሺቫ ነው ይላሉ፤ ሙስሊሞች አዳም ከገነት ሲወርድ መጀመሪያ የረገጠው እዚህ ነው ይላሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ፖርቱጋሎች ደግሞ በሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ዱካው የሐዋርያው ቶማስ ነው አሉ፤ ሌሎቹ በሐዋርያት ሥራ የተጻፈው የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ ነው አሉ። ጃንደረባው ከተጠመቀ በኋላ እስከዚህች ደሴት ድረስ መጥቶ ሰብኳል የሚል የቆየ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ነበርና ከዚያ የወሰዱት ይመስላል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ የሚያስገርም ነው፤ ከጋዛ መንገድ የጀመረው የጃንደረባው ታሪክ በአንዳንድ ሰዎች ልብ ውስጥ ስሪ ላንካ ተራራ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ከኢትዮጵያ የሚነሳው ሌላው ክር ከትውፊት ይልቅ የንግድ ታሪክ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግብፃዊ ነጋዴ፣ አፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት ሲዘጋጁ አዱሊስ ወደብ ላይ ነበር። በጻፈው መጽሐፍ ታፕሮባኔ የሚላት ይህች ደሴት ከሕንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ የሚመጡ መርከቦች የሚገናኙባት ትልቅ ገበያ እንደነበረች ይናገራል። ሶፓትሮስ የሚባል አንድ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር በመርከብ ወደዚያ ሄዶ እንደነበርም ይተርካል። ደሴቲቱ ላይ ከአንድ ፋርሳዊ ጋር ንጉሥ ፊት ቀረቡ፤ የማን ንጉሥ ይበልጣል የሚል ክርክር ተነሳ። ሶፓትሮስ የሮምን የወርቅ ገንዘብ፣ ፋርሳዊው የብር ገንዘቡን አቀረቡና ዳኝነቱ ለወርቁ ሆነ። የአዱሊስ መርከበኞች ተራራውን ከሩቅ አይተውት ይሆናል ብሎ ማሰብ ከባድ አይደለም፤ ስለመውጣታቸው ግን የተጻፈ ነገር የለም።

ወደ ጫፉ ለመሳለም የመውጣት ልማድ ዕድሜው ጠና ያለ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሁለት ዓመት ደሴቲቱ ላይ የተቀመጠው ቻይናዊው መነኩሴ ፋሺያን ቡድሃ ሁለት የእግር ዱካ እንደተወ ሲጽፍ አንዱ በተራራ ጫፍ ላይ እንዳለ ይጠቅሳል። ማሃዋምሳ የተባለው የሲንሃላ ነገሥታት ዜና መዋዕልም ታሪኩን መዝግቦታል።

መንገዱ ግን ሰው ይበላ ነበር። የሺራዙ ሼኽ ኢብን ኸፊፍ ከሠላሳ ያህል ድሆች ደቀ መዛሙርት ጋር ወደ ተራራው ሲሄዱ ስላጋጠማቸው ነገር ኢብን ባቱታ የሰማውን ታሪክ አቆይቶልናል። በጫካው መካከል ስንቃቸው አለቀ። ደቀ መዛሙርቱ አንድ ግልገል ዝሆን አርደው ለመብላት ፈቃድ ጠየቁ፤ ሼኹ ከለከሏቸው፤ ረሃቡ አሸነፋቸውና በሉ። ሌሊት ዝሆኖች መጥተው የተኙትን አንድ በአንድ አሸተቱ፤ የበሉትን ሁሉ ገደሉ። ሼኹን ያሸተተው ዝሆን ግን በኩምቢው አንስቶ ጀርባው ላይ አስቀመጣቸውና ሰው ወዳለበት መንደር አደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ የአገሬው ሰው ሙስሊሞችን በቤቱ እንደሚያሳድርና አብሮ እንደሚበላ ኢብን ባቱታ ጨምሮ ይናገራል። ታሪኩ ተአምር ቢሆንም ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ተሳላሚውን ከዝሆን ይልቅ ያሰጋው ባዶ አገልግሉ ነበር።

ለዚህ ችግር መልስ በመስጠት ስሙ የቆየው ንጉሥ ቪጃያባሁ ቀዳማዊ ነው። ከ1055 እስከ 1110 የነገሠ፣ የደቡብ ሕንድ ቾላዎችን ከደሴቲቱ ያስወጣ ጦረኛ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ዓይኑ ወደ ተራራው መንገድ ዞረ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ተሳላሚዎች በአስቸጋሪው መንገድ ላይ ሲንገላቱ ባየ ጊዜ አዘነ፤ በሩዝ ማሳ የበለጸገችውን የጊሊማሌን መንደር ለመንገደኞች ምግብ ጉልት አድርጎ ሰጠ። ከሌሎች አቅጣጫዎች ወደ ተራራው በሚወስዱት መንገዶችም እንዲሁ መንደሮችን መደበ። የመንደሮቹ ምርት ወደ ቤተ መንግሥት መሄዱ ቀርቶ በራብ ለመጣ መንገደኛ ይቀርብ ጀመር። ከእሱ በኋላ የሚነሳ ንጉሥ እንዳይሽረውም ድንጋይ ላይ አስጻፈ፤ በአምባጋሙዋ ዓለት ላይ የተቀረጸው የዚህ ንጉሥ ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል።

ይህ ደግነት ገደብ ነበረው። ያው የአምባጋሙዋ ጽሑፍ ንጉሡ ከዱካው ሜዳ ዝቅ ብሎ ሌላ እርከን እንዳሠራ ይናገራል፤ በዚያ ዘመን ዝቅተኛ ተብለው የሚቆጠሩ ወገኖች ከዚያ ሆነው እንዲሳለሙ ነው። ሲታዩ ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ ልብ ያመነጫቸው አይመስሉም። ድሃው እንዳይራብ የተጨነቀው ንጉሥ፣ ያው ድሃ ከባላባቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ዱካውን እንዳያይ ግንብ አቆመበት። በሌላ በኩል ግን፣ ጨርሶ ከመከልከል ይልቅ ቦታ መስጠቱ በዘመኑ ሚዛን እንደ ለውጥ የሚቆጠር ነበር። ዛሬ ያ ልዩነት የለም፤ ሁሉም በአንድ ደረጃ ወጥቶ በአንድ ሜዳ ይቆማል።

ከቪጃያባሁ በኋላ ኒሳንካ ማላ የተባለው ንጉሥ ከነሠራዊቱ ወጥቶ ከጫፉ በታች ባለ ዋሻ ጽሑፍ ትቷል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የዳግማዊ ፓራክራማባሁ ሹም ዴቫፓቲራጃ መንገዱን አስጠረገ፣ በወንዞቹ ላይ ድልድይ አሠራ፣ ማረፊያ ቤቶችን አቆመ። በስሪ ላንካ መንገዶች ዳር አምባላማ የሚሏቸው እንዲህ ያሉ ማረፊያዎች የተለመዱ ነበሩ፤ ክፍት ዳስ፣ ጣራ፣ መቀመጫ እርከን፣ አጠገቡ የውሃ እንስራ። መንገደኛ ሳይከፍል ያድርባቸዋል። ከሲንሃላ ነገሥታት ሥራ ሁሉ ለተራው ሰው ይበልጥ የጠቀመው ምናልባት ይህ ትንሽ ዳስ ነው።

ኢብን ባቱታ ሲወጣ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ የአባት፣ ሌላው የእናት መንገድ ይባላል፤ አዳምንና ሔዋንን ለማሰብ ነው። የእናቲቱ ቀላል ነው፤ በእሱ የወጣ ሰው ግን እንዳልተሳለመ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሰው በአባት መንገድ ወጥቶ በእናት መንገድ ይወርዳል። በዓለቱ ላይ አሥር የብረት ሰንሰለቶች ተተክለው ነበር። አሥረኛው የምስክርነት ሰንሰለት ይባል ነበር፤ እሱ ላይ ደርሶ ወደታች ያየ ሰው የሚወድቅ መስሎት የእምነቱን ቃል ስለሚደግም ነው። አንዳንድ የፋርስ ጸሐፊዎች ሰንሰለቶቹን ያስተከላቸው ታላቁ እስክንድር ነው ይሉ ነበር። ማርኮ ፖሎም ከኢብን ባቱታ ሃምሳ ዓመት ቀደም ብሎ ስለነዚሁ ሰንሰለቶች ጽፏል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወጡ እንግሊዛውያንም ይዘዋቸው ወጥተዋል።

የአልቅቱ ነገር በተለይ ያስገርማል። በእርጥቡ ጫካ ውስጥ ከሣሩና ከዛፉ ሰው ላይ የሚጣበቅ አልቅት አለ። ኢብን ባቱታ መንገደኞች ሎሚ ይዘው እንደሚሄዱ፣ አልቅቱ ላይ ሲጨምቁበትም እንደሚወድቅ ጽፏል። ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከወቅት ውጪ በራትናፑራ በኩል የሚወጣ ሰው ዛሬም ከሎሚና ከጨው አይለይም።

የተራራው ባለቤትነት ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ አልቀረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሲታዋካው ራጃሲንሃ ቀዳማዊ ወደ ሺቫ አምልኮ ገብቶ ጥበቃውን ለሂንዱ መናንያን ሰጠ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የካንዲው ንጉሥ ኪርቲ ስሪ ራጃሲንሃ ለቡድሂስት መነኮሳት መለሰው፤ ለማስተዳደሪያም መሬት ጨመረበት። የሚያስመሰግነው፣ ጠባቂው ማንም ይሁን ማን ለሌላው ሃይማኖት ተሳላሚ መንገዱ አለመዘጋቱ ነው።

እንግሊዞች በ1815 የካንዲን መንግሥት ሲጠቀልሉ መንገዱ ለአውሮፓውያንም ተከፈተ። ሐኪሙ ጆን ዴቪ በ1817 ወጣ፤ ወንድሙ ሃምፍሪ በኬሚስትሪ ስመ ጥር ነው። ዴቪ ዱካውን ለክቷል፣ ዙሪያው በናስ ተከቦ ጥቂት የከበሩ ድንጋዮች እንደተሰኩበት አይቷል፤ የጽሑፉ ዋጋ ግን ስለ ሰዎቹ በተናገረው ላይ ነው። ብርድ በሚነፍስበት ጫፍ ላይ ጥቂት ተሳላሚዎች ከመነኩሴው ጋር ጸሎት አድርሰው ከጨረሱ በኋላ ሚስቶች ለባሎቻቸው፣ ልጆች ለወላጆቻቸው፣ ጓደኛ ለጓደኛው እጅ ነሱ። አንዲት ሽበታም አሮጊት ለአንድ አዛውንት እጅ ስትነሳ እንባዋ መጣ። በመጨረሻም ቢቴል የሚባል ቅጠል ተለዋወጡ። የዚያ ልውውጥ ትርጉም እርቅና የፍቅር ማጽናት ነበር። መንገዱ ሁለት ጥቅም እንዳለው እዚህ ላይ ይታያል፤ ሰው ዱካውን ለመሳለም ይወጣል፣ ከቤቱ ሰው ጋር ታርቆ ይወርዳል።

እንግሊዞቹ ተራራውን በሌላ መንገድ ለወጡት፤ በቡና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የደሴቲቱ ደጋ ደን እየተመነጠረ ቡና ተተከለበት፤ መገኛው የኢትዮጵያ ጫካ የሆነው ያው የአረቢካ ዝርያ ነው። በዚያ ዘመን ሲሎን የምትባለው ደሴቲቱ ከዓለም ታላላቅ ቡና ላኪዎች አንዷ ሆነች። በ1869 የቡና ቅጠል ዋግ ገባ። ቅጠሉ ብርቱካናማ ዱቄት ለብሶ ይረግፋል፤ መድኃኒት አልተገኘለትም። ሃያ ዓመት ሳይሞላ እርሻው ተራቆተ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ቴይለር በ1867 በሉሌኮንዴራ ሻይ ተክሎ ነበርና ባለርስቶቹ ሁሉ ወደ ሻይ ዞሩ። ሻዩን ወደ ወደብ ለማውረድ ባቡር ያስፈልግ ነበር፤ ኮሎምቦን ከካንዲ ያገናኘው ሐዲድ በ1867 አልቆ ስለነበር ከዚያ እየተቀጠለ በ1884 ሃተን ደረሰ። ሃተን ከተራራው ብዙም አትርቅም። ባቡሩ የተሠራው ለቡናና ለሻይ ነው፤ ተሳላሚው ግን ተሳፈረበት። በራትናፑራ በኩል ቀናት ይወስድ የነበረው ጉዞ በሃተን በኩል በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ያንን የሻይ ምድር ያቀኑት ከደቡብ ሕንድ የመጡ ታሚሎች ናቸው። ቀደም ሲል የመጡት በእግር ነበር፤ ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ደጋው በሚወስደው መንገድ ላይ ብዙዎች በወባና በረሃብ አልቀዋል፤ ለእነሱ ጊሊማሌን የሚሰጥ ንጉሥ አልነበረም። አገሪቱ በ1948 ነፃ ስትወጣ ደግሞ አዲሱ የዜግነት ሕግ አብዛኞቹን አገር አልባ አደረጋቸው፤ ዜግነቱ ተሟልቶ እስኪመለስ አሥርት ዓመታት ወሰደ። ዛሬም ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ በእነሱ የሻይ ማሳ መካከል ነው የሚያልፈው። ሥራ ፍለጋ መሰደድ በእነሱ አላበቃም፤ በቤይሩትና በባሕረ ሰላጤው ከተሞች በቤት ሠራተኝነት የኖሩ ኢትዮጵያውያት ከስሪ ላንካ ሴቶች ጋር ጎረቤት ሆነው አገር ናፍቆትን ተካፍለዋል። የስሪ ፓዳን ስም መጀመሪያ ከእንዲህ ያለች ጓደኛ አፍ የሰማች ሴት አትጠፋም።

ከሃተን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ናላታኒያ የተራራው እግር ሥር ናት፤ በእንግሊዞች ዘመን ስሟ ዳልሁዚ ነበር። ከዚያ ወደ ጫፉ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደረጃው ብዙ ጊዜ 5,500 ያህል ነው ይባላል። የጥንቱ ሰንሰለት ቦታውን ለሲሚንቶና ለብረት ድጋፍ ለቋል፤ በወቅቱ ከእግሩ እስከ ራሱ የኤሌክትሪክ መብራት ይበራበታል።

ወቅት ስንል በታኅሣሥ ከሚውለው የኡንዱዋፕ ሙሉ ጨረቃ እስከ ግንቦቱ የቬሳክ ሙሉ ጨረቃ ያለው ጊዜ ነው፤ ወሮቹ በአውሮፓውያን ዲሴምበርና ሜይ ናቸው። ይህን የወሰነው ሰማዩ ነው። ከሜይ በኋላ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ዝናብና ጭጋግ ይዞ ይመጣል። የተራራው ጠባቂ አምላክ የሳማን ምስል በወቅቱ መክፈቻ ከፔልማዱላ ቤተ መቅደስ በሰልፍ ወደ ጫፉ ይወጣል፤ ሲዘጋም ይመለሳል።

ሌሊት የሚወጣበት ምክንያት ቀላል ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ጫፉን ይሸፍነዋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የተነሳ ሰው ሦስት አራት ሰዓት ተጉዞ ጀምበር ስትወጣ ጫፍ ላይ ይገኛል። የአገሬው ሰው በቡድን ነው የሚጓዘው። ቡድኑን ደጋግሞ የወጣ አንድ ሽማግሌ ይመራዋል፤ ናዴ ጉራ ይሉታል። መጀመሪያ ጊዜ የሚወጡትን እሱ ነው የሚያስተምራቸው፤ የት እንደሚታጠቡ፣ የት እንደሚያርፉ፣ ምን እንደሚያቀርቡ። ሲታ ጋንጉላ በምትባለው ቀዝቃዛ ጅረት ታጥበው ንጹሕ ነጭ ልብስ ይለብሳሉ። ኢንዲካቱፓና ላይ ሲደርሱ ክር የተሰካበት መርፌ ይተክላሉ፤ ቡድሃ እዚያ ቁጭ ብሎ የተቀደደ ልብሱን ሰፍቷል ይባላል። ከዚያ ክሩን እየለቀቁ ይወጣሉ። በበዓል ሌሊት ነጩ ክር በደረጃው ዳር ተደራርቦ በመብራቱ ሥር ያበራል። የሚወርደው ለሚወጣው «ካሩናዋይ» ይለዋል፤ ርኅራኄ ይሁንልህ እንደማለት ነው። የማያውቁት ሰው በጨለማ ውስጥ ይህን ሲለው እግሩ የዛለ ሰው እንደገና ይነሳል።

በመንገዱ ዳር ሻይና የተቀቀለ በቆሎ የሚሸጡ ዳሶች አሉ። በሙሉ ጨረቃ በዓላት ደግሞ ዳንሳላ የሚባል ነፃ ማዕድ ይዘረጋል፤ ሰፈሩ፣ ማኅበሩ፣ ነጋዴው ገንዘብ አዋጥቶ ሩዝና ሻይ ለመንገደኛ ይሰጣል። ለመብላት ሃይማኖት አይጠየቅም። ለጊሊማሌው ሩዝ የቅርብ ዘመዱ ይህ ነው፤ የንጉሡን ጉልት ሕዝቡ በማዋጣት ተካው።

ጫፉ ላይ ጫማ ይወለቃል፤ ዱካው በትንሽ ቤተ መቅደስ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚሳለሙት። አጠገቡ ደወል አለ። ሰው ተራራውን በወጣበት ልክ ይደውለዋል፤ ጀማሪው አንዴ፣ አዛውንቱ ሃያ ሠላሳ ጊዜ። ፀሐይ ከምሥራቅ ብቅ ስትል የተራራው ጥላ በምዕራብ በኩል ባለው ጭጋግ ላይ ፍጹም ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይዘረጋል፤ ዓለቱ ራሱ ወጣ ገባ ቢሆንም ጥላው ቀጥ ያለ ነው። ከ1956 ጀምሮ ስሪ ላንካ የኖረው ደራሲ አርተር ክላርክ በ1979 ላሳተመው «ዘ ፋውንቴንስ ኦፍ ፓራዳይዝ» ልቦለድ ይህንን ተራራ መነሻ አድርጎታል።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ቀኑን ይምረጥ። የሙሉ ጨረቃና የሳምንት መጨረሻ ሌሊቶች ሕዝብ ይጨናነቃል፤ ደረጃው ላይ ሰዓታት ቆሞ መጠበቅ አለ። ሰልፉን የሚፈልግ ያኔ ይሂድ፤ ጸጥታ የሚሻ በሥራ ቀን ይምጣ። ከኮሎምቦ ፎርት እስከ ሃተን ያለው ባቡር በሦስተኛ ማዕረግ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከሃተን በአውቶቡስ በማስኬሊያ በኩል ናላታኒያ ይደረሳል። ማታ ገብቶ በርካሽ እንግዳ ማረፊያ ጥቂት ሰዓት ማሸለብ ጉልበት ይቆጥባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በልብስ ነው። ሞቃት ደሴት ነው ብሎ በስስ ሸሚዝ የሚወጣ፣ በላብ ርሶ ጫፍ ላይ ሲቆም ነፋሱ ያንቀጠቅጠዋል። ደረቅ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ባትሪ፣ ውሃ፣ ለመዋጮ የሚሆን ትንሽ ብር፤ በቃ። ከወቅት ውጪ የሚሄድ ግን መብራቱ እንደሚጠፋ፣ ዳሶቹ እንደሚዘጉ፣ ደረጃው እንደሚያዳልጥ ይወቅ፤ ብቻውን ባይሄድ ይሻላል።

በደሴቲቱ ሌሎች ደጋዎችም የሚዞር ሰው የወጪውን ልዩነት ያየዋል። ሆርተን ፕሌይንስ፣ ወርልድስ ኤንድ የሚባለው ከ800 ሜትር በላይ የሚወርድ ገደል ያለበት ፓርክ፣ ለውጭ አገር ሰው ውድ መግቢያ ያስከፍላል። ከሃተን ወደ ኤላ የሚቀጥለው ባቡር ግን በጥቂት ገንዘብ ለሰዓታት የሻይ ኮረብታ ያሳያል። የስሪ ፓዳን ጫካ፣ ሆርተን ፕሌይንስንና የናክልስን ተራሮች ዩኔስኮ በ2010 በአንድ ስም በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ጉልበቱ የጸና፣ አንድ ቀን የሚጨምር ሰው በሃተን ወጥቶ በራትናፑራ በኩል ቢወርድ ታሪኩን በእግሩ ይለካዋል። ይህ የነገሥታቱ መንገድ ነው፤ በጣም ይረዝማል፣ ጉልበት ይፈትናል፣ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሰው ይቀንሳል። ውሃና ምግብ ይዞ፣ ገና በማለዳ መውረድ መጀመር ያሻል። መንገዱ ፓላባዳላ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወደ ራትናፑራ የሚሄደው አውቶቡስ በጊሊማሌ ያልፋል። ራትናፑራ የሰንፔር ገበያ ናት፤ ከዚያ ወደ ኮሎምቦ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ አለ።